ያንኳኳሁት መጥረቢያ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ ግን ፍርሃቴ በሚጨበጥ ነገር ላይ ነው። እሳት እፈራለሁ፣ የፈላ ውኃ እፈራለሁ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ እፈራለሁ፣ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ ቢላዋ ካየሁ እህል አይወርድልኝም፣ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የመቀመጫውን ብረት ጨብጬ ነው የምደርሰው። እንዲህ ያለ ጥላ ታየኝ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ተከተለኝ የሚባለውን ወሬ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስቄበት ነው ያደግኩት፣ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም አባቴ "ያላየሽውን አትፍሪ፣ ያየሽው ይበቃሻል" እያሉ ነው ያሳደጉኝ፣ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው የዛርና የሙት ወሬ ሲጀምሩ "ሥራ ፈታችሁ" ብዬ ልጄን አዝዬ የምነሳ ሰው ነበርኩ። እንግዲህ የሚከተለውን የምነግራችሁ ያቺው ሴት ነኝ፣ አትሳቁብኝ አልልም፣ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ጊዜው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፣ ናዝሬት ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ ተሰማ መሬት የሚለኩ ቀያሾችን የሚያመላልስ ሾፌር ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር እየዞረ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ቤት ሲመጣ ደግሞ ስለ ድንኳን ሲያወራ ልጃችን ጽጌ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች፣ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው፣ "አባዬ፣ እኛንስ መቼ ነው የምታሳድረን" እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣዋለች። በዚያ ዓመት ለጳጉሜ ፈቃድ አገኘ፣ አለቃውም ላንድሮቨሯንና አንድ አሮጌ ድንኳን ፈቀዱለት፣ እንቁጣጣሽን ደብረ ብርሃን እናቱ ዘንድ እንድንውል፣ መንገዳችንን ግን በእንጦጦ አድርገን ሁለት ቀን ተራራው ላይ እንድንቆይ ተነጋገሩ። ተነጋገሩ ያልኩት አባትና ልጅ ናቸው፣ እኔን የጠየቀኝ የለም።

"ጳጉሜ ዝናብ ነው፣ ሕፃን ይዘን የት ነው የምንሄደው" አልኩት፣ ትንሹ ልጄ ክፍሌ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር፣ ከጀርባዬ አይወርድም።

"የጳጉሜ ዝናብ ጠበል ነው፣ ሰው ይፈልገዋል እንጂ ይሸሸዋል እንዴ" አለኝ።

"ጅቡስ?"

"ጅብ ጠበል አይወድም።"

ጽጌ ስትስቅ ነገሩ አለቀ። ተሰማ እንዲህ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፉ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ መልስም ሰጥቶኝ አያውቅም።

እንጦጦ ላይ ከመንገዱ ወደ የካ በኩል ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ መካከል ገላጣ ቦታ አገኘና ድንኳኑን ተከለ፣ ከባለ ደኑም ሁለት ወፋፍራም ግንድ ገዝቶ አስጎተተ። ግንዶቹ ከላይ ዝናብ ጠጥተዋል፣ እሳት የሚይዘው ደረቁ ልባቸው ስለሆነ የግድ መፈለጥ አለባቸው፣ እኛ ደግሞ ከጎረቤት የተዋስነው መጥረቢያ ነው የያዝነው፣ ሁለቴ እንደመታበት አፉ እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈ። ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ አንዷ ከነሸክሟ ጎንበስ እንዳለች አየችውና "ወንድሜ፣ በዚህ ቅቤ ነው የሚቆረጠው" አለችው። ጓደኞቿ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፣ ሕፃን ይዞ በዚያ ብርድ ያለ እሳት ማደር ምን እንደሆነ እናት ታውቀዋለች። የያዝነውን ዳቦ በልተን፣ ልጆቹን መሃል አድርገን ተቃቅፈን አደርን።

በማግስቱ ጧት ተሰማ "ዛሬ ደህና መጥረቢያ ሳልገዛ አልውልም፣ እኔም ልጄም የምንጠቀምበት ዓይነት" አለና ሁላችንንም በላንድሮቨሯ ጭኖ ወደ የካ ወረድን። መጀመሪያ የገባነው አንድ ሱቅ ነው፣ ነጋዴው ቀይ ቀለም የተቀቡ መጥረቢያዎች ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፣ እውነቴን ነው ሲያዩአቸው ያምራሉ፣ ተሰማ ግን አንዱን አውርዶ በጥፍሩ ቀለሙን ጫር ጫር አደረገና "ቀለሙን ነው ብረቱን ነው የምትሸጠው" አለው።

"ጌታዬ፣ የውጭ አገር ነው።"

"መሆኑንማ አየሁት፣ እዚህ እስኪደርስ ነው የደከመው።"

ነጋዴው ተቀየመ። "እንግዲያው ከወንዙ ማዶ ከባለእጁ ግዛ፣ የአሮጌ መኪና ስብርባሪ ቀጥቅጦ ይሰጥሃል" አለው፣ እኔን ደግሞ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ "እመቤቴ፣ ልጆቹን ግን ሸፈን አድርገሽ ግቢ" አለኝ። የቡዳ ነገር ማለቱ ነው። ነግሬያችኋለሁ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ነበር፣ ሆኖም እናት ነኝና የክፍሌን ፊት በነጠላዬ ሸፈን አደረግኩት፣ ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ፣ ምክንያቱም እነዚያ ባልና ሚስት በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ጨዋዎቹ ነበሩ።

ባለእጁ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ ሰው ናቸው፣ ሚስታቸው እዚያው ጥላው ሥር ጭቃ እያቦኩ ማሰሮ ይሠራሉ፣ ያለቁት ማሰሮዎች በተርታ ተደርድረው ይደርቃሉ። ሰውየው ሦስት የመጥረቢያ ብረት ከጆንያ አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉልን። ተሰማ ገና ሲያያቸው ፊቱ በራ።

"ይኼ ባሌስትራ አይደለም እንዴ፣ የከባድ መኪና?"

"ነው፣ ጌታዬ" አሉት ባለእጁ፣ "ስንት ኩንታል ተሸክሞ ያልተሰበረ ብረት ለእንጨት አይሰበርም።"

ተሰማ አንድ በአንድ እያነሳ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን አየ፣ ከዚያ "ሦስቱም ደህና ናቸው፣ እስቲ አንቺ ምረጪ፣ አስካለ" አለኝ፣ ለቀልድ ነው፣ ብረት የት አውቃለሁ ብሎ።

እኔ ግን የማውቀውን አደረግኩ። እናቴ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ ማሰሮ አመራረጥ አስተምራኛለች፣ ማሰሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጣትን አጥፎ ኳ ኳ ማድረግ፣ ከዚያ ማዳመጥ ነው፣ ስንጥቅ ያለበት ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጤነኛው ይጮሃል፣ በዚህ ነገር ጆሮዬ ተሳስቶ አያውቅም፣ ጎረቤቶቼ እንስራ ሲገዙ እኔን ነው ይዘው የሚሄዱት። እናም የመጀመሪያውን ብረት በዛቢያው ቀዳዳ ገመድ አስገብቼ አንጠለጠልኩና በጣቴ አንኳኳሁት፣ ጮኾ ቶሎ ዝም አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነካው ምን ልበላችሁ፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ፣ አይቆምም፣ እንደ ንብ እንግግግ እያለ ይሄዳል፣ እኔም አፌን ከፍቼ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።

"እማዬ፣ ቆመ እኮ" አለች ጽጌ።

"አልቆመም፣ ዝም በይ" አልኳት።

ሁሉም ያዩኛል። ሴትየዋ ከጭቃቸው ቀና ብለው "ልጄ፣ ብረት በእንጨት ነው የሚፈተን፣ በጣት የሚንኳኳውስ የእኔ ነው" አሉኝ፣ በፈገግታ ነው ያሉኝ፣ ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ኦሮምኛ የሚያውቀው ተሰማ ሳቀ። ባለእጁ ግን አልሳቁም። "እመቤቴ፣ ያንን ይተዉትና ሁለተኛውን ይውሰዱ፣ አንድ እጅ ነው የሠራቸው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ደህናውን ሊያስቀሩብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፣ ገበያ ላይ ያደገች ሴት ሌላ ምን ታስባለች፣ "አይ፣ ይኼኛው ነው" አልኩ። "እንግዲህ እርስዎ ነዎት የመረጡት" ብለው ሰጡን፣ ለዛቢያ የሚሆን የወይራ እንጨትም መረቁልን።

ዳገቱን ስንወጣ "ሴትየዋ ምን ብለው ነው የሳቅከው" አልኩት።

"ይህች ልጅ ብረቱን ቀሰቀሰችው፣ የተቀሰቀሰ ነገር ደግሞ ይመልሳል አለች።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምን አውቄ፣ ግን እውነቷን ነው፣ አንቺ የቀሰቀስሽው መቼ ይተኛል፣ እኔን እይኝ።"

ጽጌ ከኋላ ከት ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ያ እንግግግታ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር፣ ምሳ እስክንበላ ድረስ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ነው የጠፋው።

ሰው እንዲህ ያለው ነገር በእኩለ ሌሊት ነው የሚሆነው ይላል። የእኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሆነው። ጉም ከላይ ወርዶ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ብቻ ነበር የሚታዩት፣ ተሰማ ዛቢያውን ሊጠርብ ተቀመጠ፣ ጽጌ ድንኳኑ አጠገብ አደይ አበባ ትለቅማለች፣ እኔ ክፍሌን አዝዬ፣ ባልዲ ይዤ፣ ከበታቻችን ወዳለችው ምንጭ ወረድኩ። ሩቅ አይደለም፣ ከላይ ጽጌ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ጎንበስ ብዬ ውኃ ስቀዳ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ፣ ቋ፣ ከእኛ ድንኳን በኩል ነው። አይ ተሰማ፣ ፈጠነ፣ ዛሬስ ትኩስ ነገር እንቀምሳለን ብዬ ደስ አለኝ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ አራት ሆነ፣ ቀስ እያለ ነው የሚመታው። ከዚያ ቆመ፣ ሰው እፎይ የሚልበትን ያህል። ከዚያ ሦስት ጊዜ አከታተለው፣ ቋ ቋ ቋ፣ የመጨረሻው እንደ ሌሎቹ አልነበረም፣ እንጨት የመታ አይመስልም፣ ወዲያው ተከትሎ "እማዬ" የሚል ጩኸት ሰማሁና መሃል ላይ ተቆረጠ።

የልጄ ድምፅ ነው፣ እናት የልጇን ድምፅ አትስትም፣ ትንሽ ወፈር ብሎብኛል፣ እሱንም ጉሙ ነው አልኩ። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በጉልበቴም በእጄም ነው የወጣሁት፣ ክፍሌ ጀርባዬ ላይ ያለቅሳል፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከዚያች ምንጭ እስከ ድንኳኑ ያለውን መንገድ ዛሬም በሕልሜ እወጣዋለሁ።

ደረስኩ። ተሰማ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በቢላዋ ዛቢያ ይጠርባል። የመጥረቢያው ብረት ለብቻው ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ጽጌ አበባዋን በነጭ ክር ታስራለች።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ማነው እንጨት የፈለጠው?"

"በምን ይፈለጣል፣ ይኸው ገና ሽብልቁን እንኳ አልቀረጽኩም።"

"ሰባት ጊዜ ሰማሁ፣ ከዚህ ነው።"

"እንጦጦ ነው ያለሽው አስካለ፣ እዚህ አገር እንጨት የማይቆረጥበት ሰዓት አለ? ጉም ደግሞ ድምፅ ያቀርባል።"

ጽጌን ከእግር እስከ ራሷ ዳበስኳት፣ "እማዬ፣ ጭቃ አደረግሽኝ" አለች። ሳቅኩ፣ እመኑኝ፣ እውነት ነው ብዬ ተቀብዬ ሳቅኩ፣ ስለ ጩኸቱ ግን ምንም አልተናገርኩም፣ እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ፊት ማንሳት ደስ አላለኝም።

ተሰማ ዛቢያውን ጨረሰና ብረቱን አጠለቀበት፣ ሽብልቁን መትቶ አጠበቀ፣ አንደኛውን ግንድ አቆመ፣ መዳፉ ላይ እንትፍ አለና መጥረቢያውን አነሳ። ወረደ፣ እንጨቱ ውስጥ እስከ ወገቡ ሲገባ አየሁ። ድምፅ የለውም።

ስሮጥ ጆሮዬን አፍኖኝ ነው ብዬ ጣቴን ከተትኩበት። ክፍሌ ሲነፋረቅ ግን ይሰማኛል። ጽጌ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። የተፈነጠረው ስባሪ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እንኳ ተሰማኝ። ሁለተኛ አነሳ፣ መታ፣ ዝም። ሦስተኛ፣ ዝም። ባሌ ትከሻው ሲርገበገብ፣ ግንዱ ሲነቃነቅ አያለሁ፣ ግን መጥረቢያው ጥጥ ላይ ያረፈ ያህል ነው። አራተኛውን መታና ቆመ፣ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፣ "ብረት ማለት ይኼ ነው" አለ፣ ይህንን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

አራት፣ ከዚያ እፎይታ። ያን ጊዜ ገባኝ። የእነዚህን ምቶች ድምፅ ምንጩ ጋ ሆኜ ሰምቼው ጨርሻለሁ፣ ለዚህ ነው አሁን ድምፅ የሌላቸው። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ከሦስተኛው በኋላ ያለውንም አውቃለሁ።

"ጽጌ፣ ያቺን ስባሪ ከሥሩ ሳቢልኝ" አላት፣ እሷም ከግንዱ ወዲያ በኩል ጎንበስ አለች።

ጮኽኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ሮጬ ልጄን ነጠቅኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ፣ አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም፣ ዕድሜ ልኬን ስለ ስለትና ስለ ልጅ ስፈራ የኖርኩ ሴት፣ የፈራሁት ሲመጣ እንደ ካስማ ቆሜ አየሁት። አምስተኛውን መታ፣ ዝም። ጽጌ እጇን ዘረጋች። ስድስተኛውን መታ፣ ግንዱ ለሁለት ተገምሶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወደቀ። በቃ። የሚመታ ነገር ስላልቀረ መጥረቢያውን አወረደ። እኔ አይደለሁም ያዳንኳት፣ ግንዱ ቀድሞ ስለተፈለጠ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ግንድ ሊያቆም ሲሄድ እግሬ ተፈታልኝ፣ ሄጄ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩበት።

"ተነሺ እንጂ።"

"አልነሳም።"

"አስካለ፣ ብርድ ነው፣ ልጆቹ ራት አልበሉም።"

"የተፈለጠው ይበቃናል፣ ዛሬ በዚህ መጥረቢያ ሌላ እንጨት አይመታም።"

"ጀመረሽ ደግሞ" አለ፣ ፊቴን ሲያይ ግን መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እንባዬ እየወረደ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ያን ሌሊት መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልዬ ከራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፣ መተኛት ከተባለ።

ሊነጋጋ ሲል ሁሉንም ነገርኩት። "እኔ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ስድስቱንም፣ ጽጌም ሰምታለች፣ ጠይቂያት" አለኝ። "አውቃለሁ፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "በፍርሃትሽ ልጅቱን ታሳምሚያታለሽ" አለኝ፣ ሆኖም ልቤ እንዲያርፍ ብሎ፣ ባለእጁ ቤት በመንገዳችን ላይ ስለሆነ መጥረቢያውን በሁለተኛው ልንለውጥ ተስማማን።

ባለእጁ መጥረቢያውን አገላብጠው አዩት። "ምን ጎደለው?" አሉ።

ምን ልበል። "ድምፁ" አልኩ።

"ድምፁን መርጠው አይደል እንዴ የወሰዱት፣ እመቤቴ" አሉኝና፣ ብረታቸው ጤነኛ መሆኑን ሊያሳዩን በራቸው ላይ ወደተጋደመው ጉቶ ሄደው መጥረቢያውን አነሱ። ይህ ሰባተኛው መሆኑ ነው። ጽጌን ጭንቅላቷን ደረቴ ውስጥ ቀብሬ አቀፍኳት፣ "እማዬ አፈንሽኝ" ትላለች፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቋ።

ሰማሁት። እንደ ማንኛውም መጥረቢያ ነው፣ ጽጌም ደህና ናት፣ ከእቅፌ ውስጥ እየተፍጨረጨረች ነው። እሷን ለቅቄ እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ተሰማ "በይ እንግዲህ፣ ሰባት ሞላልሽ" አለና ሳቀ፣ ባለእጁም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ሚስታቸው ብቻ ጭቃ የነካ እጃቸውን በአየር ላይ ይዘው ያዩኛል።

"ሰማሽው?" አሉኝ።

"ሰማሁት፣ እማማ።"

"ይኼኛውን ሰማሽው?"

"አዎ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ማሰሯቸው ተመለሱ።

መጥረቢያውን ትተን፣ ሁለተኛውን ይዘን ጉዞ ቀጠልን። ኮተቤን አልፈን ስንሄድ ነው የሴትየዋ ጥያቄ የገባኝ። አስቀድሜ የሰማኋቸው ምቶች ሲመቱ ድምፅ አልነበራቸውም። ይህኛው ድምፅ ነበረው። ስለዚህ ያ ሰባተኛው አይደለም፣ ሌላ፣ ተራ ምት ነው፣ የእኔ ሰባተኛ ገና አልተመታም።

"መልሰን፣ ተሰማ" አልኩት።

"ምን ረሳሽ?"

"መጥረቢያውን። እኔው ጋ ይሁን፣ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ፣ የት እንዳለ ልወቀው።"

ተቆጣ፣ ያን ቀን እውነተኛ ቁጣ ተቆጣ፣ ሆኖም መለሰን። ደረስን፣ መጥረቢያው የለም። አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ወዲያው ገዝቶት ሄዷል።

"ማን ነው? ወዴት ሄደ?" አልኳቸው።

"ወደ ታች ነው መሰለኝ" አሉ ባለእጁ፣ "ገዢ ነው፣ እመቤቴ፣ ገዢ ስሙ አይጠየቅም።" መንገዱን እስከ ታች ድረስ ሄደን አየን፣ አህያ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፣ ማንኛቸውን አስቁሜ ጆንያህን ፍታ እላለሁ።

ደብረ ብርሃን ደርሰን ለአማቴ ብነግራቸው "ቡዳ ነው፣ ምን ያጠያይቃል" አሉ። እኔ ግን ይህን አልቀበልም፣ እናንተም እንዳትሉብኝ። ሰውየው ተዪው ብለውኛል፣ ሴትየዋ አይንኳኳም ብለውኛል፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ። እኔ ነኝ የሸክላ ፈተና ለብረት የፈተንኩት፣ ደግሞም አይ ይኼኛው ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቄሶቹ ጠበል አሉ፣ ጽጌን ሰባት ቀን ወስጄ አስጠመቅኋት፣ ምክንያቱን ሳልነግራት። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ጽጌ አደገች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ሦስት ወለደች። አንድ ቀን፣ ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ይመስለኛል፣ ቤቷ ሄጄ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለሁ ከውስጥ "እማዬ" ብላ ጠራችኝ፣ ምሳ ደርሷል ልትለኝ ነው። የያዝኩት ጎመን ከእጄ ወደቀ። በምንጩ ዳር የሰማሁት ድምፅ እሱ ነው፣ ጉሙ አልነበረም ያወፈረው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ አልነበረም፣ ይህ ነው፣ ይህ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ያን ቀን ምሳውን እንዴት እንደበላሁት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ሰፈር ውስጥ መጥረቢያ ሲመታ ከሰማሁ ይኼ እሱ አይደለም እላለሁ፣ እሱ ቢሆን ድምፅ አይኖረውም፣ እናም በሰማሁ ቁጥር ልቤ ያርፋል፣ የእንጨት ፈላጭ ድምፅ እንደ እኔ የምትወድ ሴት አዲስ አበባ ውስጥ የለችም። ተሰማ ከሞተ በኋላ ጽጌ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፣ እዚሁ የካ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ደግሞ በጆሮዬ ነገር ስትጨነቅ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ ሐኪሙ አየኝና እርጅና ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ከወራት በኋላ ደግሞ የባሰ ይደክማል አላት፣ ለእኔ በወረቀት ጻፈችልኝ። እውነትም ደክሟል። ልጆቹ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ካላደረጉ አይሰማኝም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም፣ የመጥረቢያም ድምፅ አይሰማኝም።

ዛሬ ለበዓሉ እንጨት ልታስፈልጥ የቀን ሠራተኛ ጠርታለች። ይህን የምጽፈው መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። ሰውየው የራሱን መጥረቢያ ይዞ ነው የመጣው፣ ያረጀ ነው፣ ከየት እንዳገኘው እንድትጠይቀው ነገርኳት፣ "እማዬ፣ ሰው መጥረቢያውን ከየት አመጣህ ይባላል እንዴ" ብላ ሳቀችብኝ። አሁን እሷ አጠገቡ ቆማ ፍልጡን ትሰበስባለች። ሰውየው ያነሳል፣ ያወርዳል፣ እንጨቱ ይከፈላል። ስሟን ጠርቼ መስኮቱን ደጋግሜ መታሁት፣ ቀና ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምን እንዳለች አላውቅም።